ፈሰሱ ሲደፈን፦ በልጆች አንጎል ውስጥ ስለሚረጋ ደም በሞላሌ የቀረበ ዲስኩር



ነገሬን ከሕፃን አናት ልጀምር። ከፊት የተቀመጣችሁ፣ ልጅ ያቀፋችሁ እናቶች፣ ካላስቸገርኳችሁ እጃችሁን በልጃችሁ አናት ላይ አሳርፉልኝ። ከግንባሩ ከፍ ብሎ አጥንት ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ አለ። እርግብግቢት እንለዋለን። ስሙን ያወጣው ሰው በጣቱ ዳብሶ ነው ያወጣው፤ ልብ በመታ ቁጥር እርግብ እርግብ ይላልና። ቅቤ የምናሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ይወጠራል፣ ሲተኛ ይረጋጋል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ዓመት ተኩል እስኪሆነው ባለው ጊዜ ውስጥ ይገጥማል።

አሁን ጣታችሁ ካረፈበት ቆዳ ሥር፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ፣ ከግንባር ተነሥቶ በመሐል አናት ወደ ማጅራት የሚወርድ አንድ ትልቅ የደም መንገድ አለ። አንጎል የተጠቀመበትን ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚመልስ ነው። ከኋላ ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና በቀኝና በግራ ጆሮ ጀርባ አድርጎ ወደ አንገት ይወርዳል። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ደም ቅዳና ደም መልስ የሚባሉትን ልጆቻችሁ ያውቋቸዋል፤ ይህ ደም መልሱ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ መንገድ በረጋ ደም ሲደፈን ልጅ ምን እንደሚሆን ነው።

ለመንዝ ገበሬ ይህን ማስረዳት ይቀለኛል። ክረምት ሲገባ በጥቁር አፈር ላይ ፈሰስ ያላወጣ ሰው ማሳው ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ይተኛል። ቡቃያው ውሃ ሞልቶለት ሳለ ቢጫ ይሆናል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። አብዛኞቻችን ስትሮክ ሲባል የምናስበው ደም ቅዳው ተዘግቶ አንጎል ደም ሲያጣ ነው። ያ ድርቅ ነው። እኔ የመጣሁበት ጉዳይ ግን ፈሰሱ ሲደፈን ነው። ደም ከላይ መምጣቱን አያቆምም፤ መውጫ ግን የለውም። ከተደፈነው በላይ ያሉት ትንንሽ ሥሮች ይወጠራሉ፣ አንጎሉ ውሃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ሲብስም ሥሮቹ ይፈነዱና ደም ይፈሳል።

ደም ለምን ይረጋል? በቋንቋችን እርጎና የረጋ ደም የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ወተት በቅል ተቀምጦ፣ ሳይነካ፣ ሞቅ ባለ ቦታ ሲውል ይረጋል። ደምም እንቅስቃሴው ሲዘገይ የመርጋት ጠባይ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ስሙ እስከ ዛሬ ከሦስት ነገሮች ጋር ተያይዞ ይነሣል። የደም ፍሰት ሲዘገይ፣ የሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ ደሙ ራሱ ሲወፍር ወይም ለመርጋት ሲቸኩል። ከእነዚህ አንዱ በቂ ሊሆን ይችላል፤ በጨቅላ ላይ ግን ሦስቱም ባንድ ሳምንት ሊገናኙ ይችላሉ። ምጥ ሲረዝም የጭንቅላቱ አጥንቶች ተደራርበው ያንን ትልቅ መንገድ ይጫኑታል። ልጁ ሲወለድ ከታፈነ፣ ወይም ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ ግድግዳው ይጎዳል። ካልጠባ ደግሞ ደሙ ይወፍራል።

በሽታው ብርቅ ነው፤ ይህን አልደብቃችሁም። በካናዳ የቶሮንቶዋ ሐኪም ጋብሪኤል ዴቬበርና ባልደረቦቿ በመላ አገሪቱ እየመዘገቡ ቆይተው በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ በዓመት ከ100,000 ልጆች 0.67 ያህሉ ላይ እንደሚደርስ ይናገራል። የመዘገቧቸው ልጆች 160 ነበሩ። ከእነዚህ 43 በመቶው ገና አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ናቸው። 8 በመቶው ሞቱ፤ 38 በመቶው ከነጉዳታቸው ቀሩ። ይህ እንግዲህ የራስ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ በየከተማው ባለበት አገር የተቆጠረ ነው። መሣሪያ በሌለበት አገር በሽታው አይቆጠርም፤ «ልጁ ባሥረኛ ቀኑ አረፈ» ተብሎ ይቀራል።

ከእናንተ አንዱ፣ «ታዲያ ልጄ፣ ከመቶ ሺህ አንድ ለማይሞላ ነገር ይህን ሁሉ መንገድ ለምን መጣሽ?» ቢለኝ መልስ አለኝ። በሽታው ብርቅ ነው፣ የሚያመጡት ነገሮች ግን በየቤታችን አሉ። አለመጥባት፣ ተቅማጥ፣ የሚመግል ጆሮ፣ የደም ማነስ። እነዚህን የከለከለ ሰው ብርቁን ከልክሎ አያበቃም፤ በየቀኑ ልጅ የሚወስዱብንንም አብሮ ይከለክላል።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ቦታውን ልተወው። አንዲት አራስ በዘጠነኛ ቀኑ ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። አማቷ አብረዋት ነበሩ። ልጁ ዝም ያለ ነው፣ አያስቸግርም፣ ብዙ ይተኛል አሉኝ። ስገልጠው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጡት ሳይኖር ይጠባል። ዓይኑ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ቀርቷል። እኔም አየሁና «ርቦት ነው፣ አጥቢው» አልኳት። ማታውን እግሮቹ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው መዞር ጀመሩ፤ ቀጥሎ ትንፋሹ ለአፍታ ቆም አለና ከንፈሩ ጠቆረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ረሃብ አልነበረም፤ የሚጥል ሕመም ነበር። የጨቅላ መንዘፍዘፍ እንደ ትልቅ ሰው ወድቆ፣ አረፋ ደፍቆ የሚታይ አይደለም። ዝም ብሎ ከንፈር መምጠጥ፣ ዓይን ፈጥጦ መቅረት፣ እግርን ማዞር፣ ትንፋሽ ማቋረጥ ሊሆን ይችላል።

ልጁ አዲስ አበባ ተልኮ ምስል ሲነሣ ያ ከእርግብግቢቱ ሥር የሚያልፈው ደም መልስ ተደፍኖ ተገኘ።

እናቱን ቁጭ ብዬ የጠየቅኳት ከዚያ በኋላ ነው፤ መቅደም የነበረበትን አዘግይቼ። መጀመሪያ የመጣው ወተት፣ እንገሩ፣ ቢጫ ነው ተብሎ ታልቦ ተደፍቷል። ልጁ ቅቤ በጣት ተደርጎ ዋጠ፣ ስኳር የገባበት ውሃ ቀመሰ። በሦስተኛው ቀን ነው ጡት የያዘው፤ ያኔም በደንብ አልሳበም። የሸናበትን ጨርቅ አውጥታ አሳየችኝ። ጨርቁ ላይ የጡብ ቀለም ያለው፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ደርቆ ተለጥፏል። ደም መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ደም አይደለም፤ ሽንቱ ከመጠን በላይ ከመወፈሩ የተነሣ የቀረ ዝቃጭ ነው። ያ ጨርቅ ከአራት ቀን በፊት ተናግሮ ነበር። የሰማው ግን አልነበረም።

ስለዚህ እናንተ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አራስ ቤት ስትገቡ ጨርቁን ጠይቁ። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ልጁ በቀንና በሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያም በላይ ሊሸና፣ ሽንቱም የነጣ ሊሆን ይገባል። በሃያ አራት ሰዓት ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ይጥባ። ብዙ የሚተኛ፣ የማያስቸግር፣ ለመጥባት የማይነሣ ጨቅላ «ደግ ልጅ» ተብሎ አይመስገን፤ ይቀስቀስ። እንገሩ አይደፋ። እንገር ለጨቅላ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ቀለሙ ቢጫ የሆነው ወፍራምና ሀብታም ስለሆነ እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። እርግብግቢቱ ጎድጎድ ካለ ልጁ ውሃ አንሶታል ማለት ነው። ሳያለቅስ፣ ቀና ተደርጎ ተይዞ ሳለ ተወጥሮ ጉብ ካለ ደግሞ ውስጡ ግፊት አለ፤ ያን ቀን ማደር የለም።

የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ ነው ወይ የሚለውን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጨቅላ ሲበርደው፣ ሲደነግጥ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ አጠፍ አድርጉት። ከቆመ ደህና ምልክት ነው። በእጃችሁ ውስጥ ሆኖም መምታቱን ከቀጠለ የሚጥል ሕመም ነውና ተነሡ።

እዚህ ላይ ስለ ልማዳችን ካልተናገርኩ የመጣሁበትን አላደረስኩም። ክርስትና ሳይነሣ፣ ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ልጅ ከቤት አይወጣም እንላለን። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው። የሥርዓቱ ደግ ጎን ይገባኛል፤ አራስ እንድታርፍ፣ ጨቅላ ከብርድና ከሰው ትንፋሽ እንዲጠበቅ ያደርጋል፤ በዚህ ደጋ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ይህ በሽታ ከሚይዛቸው ብዙዎቹ በእነዚያው ቀናት ውስጥ ያሉ ናቸው። የታመመ ጨቅላ ለመውጣት ክርስትናውን መጠበቅ የለበትም። እርቃኑን በእናቱ ደረት ላይ አድርጉት፣ ኮፍያ አጥልቁለት፣ ከላይ ጋቢና ባና ደርቡበት፤ ምችም ብርድም አያገኘውም። መንገድ ላይ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ይጥባ፤ ካልነቃ በአፉ ምንም አይግባ።

ስለ ጸበልም እንዲሁ። ልጅ ሲንዘፈዘፍ ልክፍት ነው ብለው ወደ ጸበል የሚወስዱ ወላጆችን ተቆጥቼ አላውቅም፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ እናቴ ስታመም ጸበል አጠጥታኛለች። በኤች አይ ቪ ዘመን ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረው ብዙ ሰው አድነዋል። እዚህም የምለምነው ያንኑ ነው፤ ጸበሉን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ። አንድ ሰዓት ለተወጠረ አንጎል ብዙ ነው።

ወደ ጆሮ ልለፍ። ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ነገሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

«ጆሮው ይመግላል፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚል ወላጅ በየሳምንቱ አገኛለሁ። ከጆሯችሁ ጀርባ ያለውን ጉብ ያለ አጥንት ዳብሱት። ውስጡ ድፍን አይደለም፤ እንደ ማር ሰፈፍ ባዶ ባዶ ጎጆዎች አሉት። ቅድም ለሁለት ተከፍሎ ይወርዳል ያልኳችሁ ደም መልስ የሚያልፈው ከዚያ አጥንት ጀርባ ነው፤ በመሐላቸው ያለው ስስ የአጥንት ግድግዳ ብቻ ነው። መግሉ ወደ ጎጆዎቹ ገብቶ ከቆየ ግድግዳውን ያልፈዋል፣ ሥሩን ያቆጣዋል፣ እዚያ ደም ይረጋል። አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት በአውሮፓም ቢሆን ልጆችን ይገድል የነበረ ነገር ነው። እዚህ ዛሬም እናየዋለን። ትኩሳቱ ይሄዳል ይመለሳል፣ ከጆሮ ጀርባ ያብጥና ጆሮውን ወደፊት ይገፋዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ በተለይ ሲነጋ፤ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን አንድ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ይዞራል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ሸውራራ ሆነ እያሉ የሚስቁበት ልጆች ምን እንደሚያዩ አያውቁም። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት የነርቩን ጉልበት እንደነሣው ያ ዓይን እየነገረን ነው።

በጆሮ ውስጥ ዘይት አይጨመር፣ የቅጠል ጭማቂ አይንጠባጠብ። መምገል ከጀመረ 14 ቀን ካልሞላው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አለ፣ እስከ መጨረሻው ይወሰድ። ካለፈ ደግሞ ዋናው ሥራ ማድረቅ ነው። ንጹሕ፣ ውሃ የሚመጥ ስስ ነጠላ ጨርቅ እንደ ጧፍ ክር ታጠቀልላላችሁ፤ ወደ ጆሮው ቀስ ብላችሁ ታስገባላችሁ፤ ሲርስ ታወጣላችሁ፤ ሌላ ታስገባላችሁ፤ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ። በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ባለሙያው ያዘዘው ጠብታ። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ፤ በግ የሚጠብቅ ልጅ ለዚህ ቁጭ አይልም። ግን ጧት ከመሰማራቱ በፊት፣ ማታ ከተመለሰ በኋላ፣ አያቱም ቢሆኑ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከጆሮ ጀርባ ካበጠና ሲነኩት ካመመው በዕለቱ ሆስፒታል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱ የሚያብጥ ልጅ ደሙ ለመርጋት ይቸኩላል። የልብ አፈጣጠር ችግር ያለበት፣ የደም ካንሰር መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ። ለደም ማነስ የሚዳርገው የብረት ማነስም ያጋልጣል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ ደምን ያቀጥናል እንጂ እንዴት ያረጋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ብረት ሲጎድል ደምን የሚያረጉት ትንንሽ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ይበዛሉ፣ ቀይ ሕዋሳቱም መለጠጥ ያቅታቸዋል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ይጨናነቃሉ።

ከዚህ ከፍታ የተነሣ የሚያሳስባቸው አሉ። 3000 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው፤ አየሩ ስስ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም እንደሚወፍር የተማሩ ወጣቶቻችን ያነባሉ። ደስ የሚል መልስ አለኝ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች አምባራስ በምትባል መንደር፣ 3530 ሜትር ላይ፣ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የደማቸው ውፍረት በባህር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ ሆነ፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም እንደዚያው። ዓለም ተደንቋል። እናንተም ደጋው ደማችንን አወፈረው ብላችሁ አትስጉ። ብቻ የተመረመሩት ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ጨቅላ ሲወለድ ደሙ በየትኛውም አገር ወፈር ያለ ነው፤ ለእርሱ መድኃኒቱ የእናቱ ጡት ነው።

ልጁ ታሞ ከተገኘስ? ጤና ጣቢያው መንዘፍዘፉን የሚያቆም መርፌ፣ አንቲባዮቲክና ስኳር ሰጥቶ ይልከዋል። መንገዱ በጣርማበር ወደ ደብረ ብርሃን ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር እስከ አዲስ አበባ። ምስሉ የሚነሣው በሲቲ ስካን ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ኤምአርአይ ነው። እርግብግቢቱ ያልገጠመ ልጅ ግን ተፈጥሮ መስኮት ትታለታለች፤ ለነፍሰ ጡር የምንጠቀምበትን አልትራሳውንድ አናቱ ላይ አድርገን ዋናውን ደም መልስ አንዳንዴ ማየት እንችላለን። ከዚያ ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ ኢንፌክሽኑ ይታከማል፣ ብዙ ጊዜም ደም የሚያቀጥነው ሄፓሪን ወይም ከእርሱ የተገኘ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ በኪሎው የተለካ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ለጨቅላ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር፣ ለትልልቆቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር። አንድ አባት «ልጄ ራሱ ውስጥ ደም ፈሷል እያላችሁ ደም የሚያቀጥን ትወጉታላችሁ?» ብለው መርፌውን ይዘው እንደቆሙ አስታውሳለሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ሐኪሞችም በጨቅላ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ የመለስኩላቸው በፈሰሱ ነው። ማሳው የተጥለቀለቀው መውጫው ስለተደፈነ ከሆነ፣ ውሃው እንዲጎድል የሚቆፈረው መውጫው ነው። ዝም ብለው ሰሙኝና መርፌውን ሰጡኝ።

ያ በዘጠነኛ ቀኑ የመጣው ልጅ አለ። አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። ቀኝ እጁ ትንሽ ቀርፋፋ ነው፤ እርሳስ የሚይዘው በግራው ነው። የመንዘፍዘፉን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስዶ አሁን አቁሟል። እናቱ ከእርሱ በኋላ ሁለት ወልዳለች፤ የሁለቱንም እንገር አልደፋችም።

ክትባትን ጥቂት ልናገር። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት የሳንባ ምች ብቻ አይደለም የሚከለክለው፤ ጆሮ ከሚያመግሉት ዋና ጀርሞች አንዱን ይከለክላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣው የሮታ ጠብታ ከባዱን ተቅማጥ ያስቀራል። ካርዱን የጣላችሁ አትፈሩ፣ ኑና ይታይ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለም ኦአርኤሱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በማንኪያ፣ ጥቂት በጥቂቱ፣ ቢያስመልስም አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ስጡት። ስድስት ወር ላልሞላው ዋናው ጡት ነው፤ ኦአርኤሱ በተጨማሪ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትሄዱበት ሩቅ እንዳለ አውቃለሁና እዚህ ላይ ልተው። የጆሮ ማያ መብራት ይዣለሁ። ከአዳራሹ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ እስክትጨርሱ እቀመጣለሁ። ጆሮው የሚመግል ልጅ ያላችሁ በቅድሚያ ኑ፤ ጨቅላ ያቀፋችሁ ደግሞ ከወረፋው በፊት።